ያልቆምኩባቸው ስድስት ነጥቦች

ውድ እህቴ ልደት፣

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ካርታውን ለማንም አታስረክቢ። ሰላምታዬን ወደ ኋላ ያደረግሁት ለዚህ ነው። እናቴ ብታየኝ "ሰው ሰላም ሳይሉ ጉዳይ ይጀመራል?" ብላ ትቆጣኝ ነበር። እሷ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺም ቤተሰብሽም ደህና ሁኑልኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። በመጀመሪያው "ኮምቦልቻ ዝናብ ጣለ?" ብዬሽ ዘጋሁ። በሁለተኛውም ስለ ዝናቡ ጠየቅሁሽ። "ሙሚና፣ ገበሬ ሆንሽ እንዴ?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። ታውቂኛለሽ፣ ሰው እየሰማኝ መሆኑን ካወቅሁ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን ፊቴን አያየኝም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ስላቆምኩ የፊደል ስህተት ብታገኚ እለፊው። ቁጥሮቹን ግን አትለፊያቸው።

ከ131 እስከ 136 ያሉት ስድስት ነጥቦች ውሸት ናቸው። እዚያ አልቆምኩም።

ይሄው ተናገርኩት። ሌላው ሁሉ እንዴት እንደሆነ ነው።

የውጭዋን ክፍላችንን ተከራይተሽ የገባሽ ቀን ሥራሽን ለእናቴ ልታስረጂ ብዙ ደከምሽ። "ከሚሴን ኮምፒውተር ውስጥ እሠራታለሁ፣ እትዬ ዓፊያ። እያንዳንዱን ቤት ከነቁመቱ አስገብቼ፣ ከኮረብታው ማማ የሚነሣው የስልክ ሞገድ ቤቶቹ መሐል ሲገባ የት እንደሚደርስና የት እንደሚጠፋ አስቀድሜ አሰላለሁ" አልሻት።

"የሚጠፋበትንማ እኛም እናውቀዋለን። ለዚህ ደግሞ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?" አለችሽ።

"እንዲነግሩኝ ነዋ የመጣሁት" አልሽ። ከዚያ በየግቢው አብራሽ የምትገባ፣ ኦሮምኛም አማርኛም የምትችል ሴት ልጅ እንደምትፈልጊ ተናገርሽ። እናቴ ወደ እኔ ጠቆመች። "ይቺ አለችልሽ። አትናገርም እንጂ ሁሉን ታያለች።" በዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ "እርስዎ" ስልሽ "እኔ አሮጊት ነኝ? አንቺ በይኝ" ብለሽ ተቆጣሽ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እልሻለሁ፣ አሁንም።

ከሦስተኛው ቀን የበለጠ የማስታውሰው የለም። ከጋሽ ሣህሌ ሕንፃ ጀርባ ቆመን ነበር። ያ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አስፋልቱ ዳር ከተሠራ ጀምሮ እኛ ሰፈር ስልክ እንደማይሠራ ሰው ሁሉ ይነግርሽ ነበር። እዚያ ቆመን የዙሁር አዛን ተሰማ።

"የመስጊዱ ማናራ ይታይሻል?" አልሽኝ።

"አይታየኝም።"

"ታዲያ እንዴት ሰማሽው?"

አንቺ እጅሽን ከጣሪያው ጠርዝ ወደ እኛ አወረድሽው። "ድምፁ ከጠርዙ ላይ ጎንበስ ብሎ ጥላው ውስጥ ይወርዳል። የስልክ ሞገድም እንደዚያው ነው። ግን ሲወርድ ይደክማል። የእኔ ሥራ ምን ያህል እንደሚደክም ማስላት ነው።"

ያን ጊዜ ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም፣ ተናገርኩ። አዛን የሚሉት ሰውዬ ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ሕንፃውን ዞሮ እንደሚደርሰን፣ የባጃጅ ጥሩምባ ግን ቀጭን ስለሆነ ከሕንፃው ወዲህ ሲመጣ እንደሚሞት ነገርኩሽ። እስክሪብቶሽን ከወረቀቱ ላይ አንሥተሽ አየሽኝ።

"ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። እዚህ ነው የምኖረው።"

"ሙሚና፣ እኔ ይሄን ለማወቅ ሦስት ዓመት ነው የተማርኩት" አልሽና ረጅሙ ሞገድ እንደ ወፍራም ድምፅ ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንደሚታጠፍ፣ አጭሩ ግን እንደማይታጠፍ አስረዳሽኝ። በሕይወቴ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ "ምን ሆነሽ ነው የምትስቂው?" አለችኝ።

ሥራው ቀላል ነበር። በከተማው 214 ነጥብ በጠመኔ ምልክት አደረግን። በእያንዳንዱ ላይ ሞገዱን የሚለካውን ስልክሽን ደረቴ አጠገብ ይዤ አንድ ደቂቃ እቆማለሁ፣ አምስት ጊዜ አነባለሁ፣ መካከለኛውን እጽፋለሁ። ቁጥሩ ሁሉ ከዜሮ በታች ስለሆነ ሲበዛ ይብሳል። ሰባና ሰማንያ ደህና ነው። መቶን ሲያልፍ ስልኩ መታነቅ ይጀምራል። ማታ ማታ ቁጥሮቹን ኮምፒውተሩ ካሰላው ጋር ታስተያያቸዋለሽ። "እሱ ከሚሴን አይቷት አያውቅም። የሚያውቀው አንቺ የነገርሽውን ብቻ ነው" ትይኝ ነበር። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አንቺ የመመረቂያ ጽሑፍሽን አማካሪ ልታገኚ ኮምቦልቻ ሄድሽ። ስልኩንና ደብተሩን ለእኔ ሰጠሽኝ። የቀረው የእኛው ሰፈር መንገድ ነበር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ጀምሮ ከሕንፃው ጀርባ ያለው።

ጠዋት ስደርስ መንገዱ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የጎረቤታችን የአባባ ሙሀመድአሚን ባለቤት ሌሊት አርፈው ነበር፣ አላህ ይዘንላቸው። ሸራው ከዳር እዳር ተወጥሯል። ከሥሩ ስልሳ የሚሆን ወንድ ቁጭ ብሏል። ስድስቱ የጠመኔ ምልክቶቻችን እነሱ መሐል ነበሩ፣ አንዱማ ምንጣፍ ሥር ገብቷል።

የእኛን አገር ታውቂዋለሽ፣ ግን ይህን ላታውቂው ትችያለሽ። በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ለቅሶ በተቀመጡ ወንዶች መሐል ገብታ፣ ስልክ ደረቷ ላይ ደግና አትገተርም። ያውም ስድስት ቦታ፣ ስድስት ደቂቃ። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ለአንቺ ደውዬ "አልቻልኩም" ልልሽ እችል ነበር። ሦስት ቀን ጠብቀን ድንኳኑ ሲነሣ ልንለካው እንችል ነበር። አንቺ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ልትሄጂ ነው። "አልቻልኩም" ማለትም ለእኔ ራሱን የቻለ መናገር ነው።

ስለዚህ ዞርኩ። ከቤቶቹ ኋላ ያለውን፣ የቁልቋል አጥሩን ተከትሎ ሽቅብ የሚወጣውን ቀጭን መንገድ ታውቂዋለሽ። በእያንዳንዱ ነጥብ ትክክል፣ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቆሜ ለካሁ። ሃያ እርምጃ ምን ያመጣል አልኩ። ቀና ስል ግን የኮረብታው ማማ ከጣሪያዎቹ በላይ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። ማማው ከታየ ጥላ የለም። ይህን ራስሽ አስተምረሽኛል። 79፣ 81፣ 78፣ 83፣ 80፣ 82 ብዬ ጻፍኩ።

ከዚህ የባሰም አለ። በአጥሩ ቀዳዳ ድንኳኑ ይታየኝ ነበር። ሰዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ፣ አንድ ጆሯቸውን በእጃቸው ደፍነው "አሎ! አሎ! አልሰማህም!" እያሉ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ይሮጡ ነበር። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እየደወለ ነው፣ ስልኩ አይገባም። እኔ ይህን እያየሁ ነው 79 ብዬ የጻፍኩት።

ማታ ስትመጪ "ጨረስሽ?" አልሽኝ። "አዎ" አልኩ። "የኔ ጎበዝ!" ብለሽ ከኮምቦልቻ ያመጣሽልኝን ብስኩት ሰጠሽኝ። በላሁት።

ስትሄጂ የመለኪያውን ስልክ ለእኔ ተውሽልኝ፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል ብለሽ። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ነገሩን ረሳሁት ማለት እችላለሁ። ዝም ማለት ስለምችል ከራሴም ጋር ዝም አልኩ። ከዚያ የዛሬ ሁለት ሳምንት ደወልሽ። እንደዚያ ቀን ተደስተሽ ሰምቼሽ አላውቅም።

"ሙሚና፣ እነዚያ ስድስት ነጥቦች ሊያሳብዱኝ ነበር! የኮምፒውተሩ ሞዴል እዚያ ጥላ ነው ይላል፣ አንቺ ብርሃን ነው ትያለሽ። መጽሐፎቹ ሁሉ ከሞዴሉ ጋር ናቸው። ማንን ልመን? አንቺን አመንኩ።"

አንቺ ቀጠልሽ። ቁጥሮቼ ልክ የሚሆኑት የሣህሌ ሕንፃ ግድግዳ ሞገድ የሚያሳልፍ ከሆነ ብቻ ነው አልሽ። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ ግድግዳውን አሳሳሽው። የከሚሴ ብሎኬት መጽሐፍ ላይ ካለው የተለየ፣ ሞገድ የማያግድ ብሎኬት ነው ብለሽ ጻፍሽ። አማካሪሽ "ይሄ አዲስ ግኝት ነው" አሉሽ። የፊታችን ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ለመምህራኑ ታቀርቢዋለሽ። የስልክ መሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ይመጣሉ። ያላቸው አንድ ተጨማሪ አንቴና ነው፣ ወይ መናኸሪያው ጋ ወይ እኛ ሰፈር ይተከላል፣ የሚወስኑትም በአንቺ ካርታ ነው። "የእናንተ ሰፈር ችግር የለበትም፣ አረንጓዴ ነው! ስለዚህ መናኸሪያው ጋ ይሆናል" አልሽ። በመጨረሻ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "ስምሽን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። 'ያለ ሙሚና አደም ዓይን ይህ ሥራ አይኖርም ነበር' ይላል" አልሽኝ።

እኔም ስለ ዝናቡ ጠየቅሁሽ።

ባለፈው አርብ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ሰዓዲያን ታስታውሻታለሽ፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የምትኖረዋን፣ አንቺን ባየች ቁጥር "ኢንጂነሯ፣ ለእኔ ቤት መቼ ነው ሞገድ የምታመጪው?" የምትልሽን። ቀኗ ሳይደርስ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ምጥ ያዛት። ደምም ነበረው። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ባሏ ሙስዐብ መንገዱ መሐል ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶታል።

"አይገባም! ያ ረቢ፣ አይገባም!"

"ጣሪያ ላይ ውጣ!" አለው አንዱ።

"ወደ አስፋልቱ ሩጥ!" አለው ሌላው። ሙስዐብ ሁለት እርምጃ ይሮጥና የሰዓዲያን ድምፅ ሲሰማ ይመለሳል። ስልኩን እያየ፣ በሩን እያየ፣ እዚያው ይሽከረከራል። አሁን ሳስበው የቆመው ነጥብ 133 ላይ ነበር።

ስልኩን ከእጁ ነጠቅሁት። እኔ! ከዚያ ከቤቶቹ ኋላ ሮጥኩ፣ ወደ ቁልቋል አጥሩ። በየትኛው ድንጋይ ላይ ብቆም እንደሚገባ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ውሸቴን ስጽፍ የቆምኩበት ድንጋይ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ገባ። ሴትዮዋ "አምቡላንስ ነው፣ የት ነሽ?" አለችኝ። ድምፄ ወጣ። "ከሣህሌ ሕንፃ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን እንዳለፋችሁ። ደም እየፈሰሳት ነው። ፍጠኑ" አልኩ።

ደርሰውላታል፣ አልሐምዱሊላህ። ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አብሽሪ።

ከዚያ ሰው ሁሉ እኔን ማመስገን ጀመረ። የሙስዐብ እናት ጭንቅላቴን ይዘው ሳሙኝ። "ኔትወርኩ የት እንዳለ በምን አወቅሽ፣ ልጄ?" አሉኝ። "እንዲሁ" አልኩ። ሴቶቹ "ማሻአላህ! ዝምተኛ ናት ስንላት!" ይባባላሉ። እናቴ ኮርታብኛለች። ሕፃኗን በስሜ ሊጠሯት አስበው ነበር። እንዳያደርጉት ለመንኳቸው። ትሕትና መስሏቸው ይበልጥ ወደዱኝ። ልደት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሸማቅቄ አላውቅም። እኔ ድንጋዩን አውቀው ነበር። ሌላው አያውቀውም። አንቴናው መናኸሪያ ከሄደ ደግሞ የሚቀጥለው ሰው መንገዱ መሐል ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዘረጋል፣ ካርታው ግን እዚያ አረንጓዴ ነው።

እሑድ የተውሽልኝን ስልክ ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ ስልኩ ራሱ ልክ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ በእውነት የቆምኩባቸውን ሁለት ነጥቦች ደግሜ ለካሁ። ነጥብ 130 ያኔ 88 ነበር፣ አሁን 87 ሆነ። ነጥብ 137 ያኔ 91 ነበር፣ አሁን 92። ስልኩ አይዋሽም።

ከዚያ ወደ መንገዱ ገባሁ። በዚያ ሰዓት ወንዶቹ ምሳ በልተው፣ ጫታቸውን ይዘው በሕንፃው ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው እንደሚቀመጡ አውቅ ነበር። ሰው የሌለበትን ሰዓት መምረጥ እችል ነበር። አልመረጥኩም። አንድ ጊዜ ከእነሱ ሸሽቼ የሆነውን አይቻለሁና።

ነጥብ 131 ላይ ቆምኩ። አንዱ ወዲያው ጀመረኝ።

"ኢንታላ! አንቺ ልጅ፣ ወርቅ ነው የጠፋሽ ወይስ ልብሽ?"

"ዝም በላት፣ ፎቶ እያነሣችን ነው" አለ ሌላው። "ሽርጥህን ሰብስብ!"

ሳቁ። ጆሮዬ ነደደ። ሰዓቱን ብቻ አየሁ። ስልሳ ሰከንድ እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ሄድኩ። አባባ ሙሀመድአሚን መሐላቸው ነበሩ። ሲያዩኝ ቆዩና ጠሩኝ።

"አንቺ የአደም ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ፣ አባባ።"

"ታዲያ በየሰባት እርምጃው እየቆምሽ የምታደርጊው ምንድን ነው?"

እዚህ ላይ ሮጬ ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር። "አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "የአንቱ ባለቤት ያረፉ ጊዜ እዚህ ቆሜ ስልኩን መለካት ነበረብኝ። ድንኳኑን አይቼ ዞርኩ። ያልለካሁትን ለካሁ ብዬ ጻፍኩ። አሁን የእኛ ሰፈር ስልክ በደንብ ይሠራል ተብሎ ሊወሰን ነው።"

ከዚያ በፊት በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

"ለእኔ ሐዘን ብለሽ ነው የዞርሽው?" አሉኝ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። "አይደለም፣ አባባ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው" አልኩ።

እጃቸው ላይ የነበረውን ቅጠል አስቀመጡት። "ልጄ፣ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው መንገድ አይዘጋም። 'አላህ ያጽናችሁ' ብለሽ መሐላችን ብትገቢ ቦታ እንለቅልሽ ነበር።" ቀጠሉ። "የእኔ ፈይሩዝ ጂዳ ናት። ሦስቱንም ቀን ስትደውልልኝ አልገባላትም። የእናቷን ሞት የነገራት ባዳ ነው። 'አባቴ ስልክ የዘጋብኝ ተቀይሞኝ ነው' ብላ እስካሁን ታለቅሳለች።"

እሳቸው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"ተነሡ! ምንጣፋችሁን አንሡ። ልጅቷ ሥራ አላት።"

"ወዴት እንሂድ፣ ሙሀመድአሚን?"

"ፀሐይ ላይ! አትቀልጡም።"

ተነሡ። እያጉረመረሙ፣ እየሳቁ፣ ምንጣፋቸውን እየጎተቱ ተነሡ። አባባ ከእኔ ጋር ነጥብ በነጥብ ሄዱ፣ በእያንዳንዱም "ስንት አለ?" ይሉኛል።

"መቶ አሥራ ሦስት።"

"እሱ ጥሩ ነው?"

"መጥፎ ነው፣ አባባ። ሲበዛ ይብሳል።"

"ሲበዛ የሚብስ ቁጥር ደግሞ ምን ዓይነት ነው?" አለ ከኋላችን የሚከተለው።

"ያንተ ዕድሜ ነዋ!" አለው ጓደኛው። ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ፣ በእነሱ ፊት።

እነሆ ቁጥሮቹ፦ 131 ላይ 112፣ 132 ላይ 115፣ 133 ላይ 113፣ 134 ላይ 117፣ 135 ላይ 114፣ 136 ላይ 110። አምስቱን ንባብ በሙሉ በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ከሥሩ አባባ ሙሀመድአሚን እንደ ምስክር ፈርመውበታል። ማንም እንዲፈርሙ አልጠየቃቸውም፣ ራሳቸው "እስክሪብቶውን አምጪው" አሉኝ።

ስለዚህ ሞዴልሽ መጀመሪያ ያለው ልክ ነበር። ጥላ ነው ብሎሽ ነበር፣ ጥላ ነው። ልክ የነበረውን ሥራሽን ያጣመምሽው እኔን ብለሽ ነው። የግድግዳውን ቁጥር ወደ ነበረበት መልሺው። ማስታወስ ያለብሽ ግን ነገሩ በእኛ ሰፈር ብቻ እንደማይቀር ነው። ኮምፒውተሩ የከሚሴ ብሎኬት ሞገድ ያሳልፋል ብሎ ካመነ፣ አስፋልቱ ዳር ካሉት ፎቆች ሁሉ ጀርባ ያሉትን መንገዶች አረንጓዴ አድርጓቸዋል ማለት ነው። እነሱንም እንደገና እያቸው።

ግኝትሽ እንደሚፈርስ አውቃለሁ። አማካሪሽ ፊት ማፈርሽን፣ መመረቂያሽ መራዘሙንም አስቤዋለሁ። ምናልባት "ከ214 ስድስት ቢበላሽ ምን አለበት" የሚልሽ ሰው ይኖራል። የዚያን ሰው ምክር አትስሚ። በዚያች መንገድ ላይ ዛሬ ሦስት ነፍሰ ጡሮች አሉ፣ ቆጥሬያለሁ። ልትቆጪኝ፣ ልትጠይኝም ትችያለሽ። ብትጠይኝም እውነትሽን ነው። ከአንቺ ሌላ ጓደኛ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። ግን አንቺ መጽሐፎቹን ሁሉ ትተሽ እኔን አመንሽ። እንደዚያ ያመነኝን ሰው እያታለልኩ መኖር አልችልም።

ስሜን ከመጀመሪያው ገጽ አውጪው። አዲሶቹን ቁጥሮች አስገብተሽ ከጨረስሽ በኋላ ልትመልሺው ብትፈልጊ ያኔ አንቺ ትወስኛለሽ።

ይህን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ የሚመላለሰው ሾፌር በድሩ ያመጣልሻል። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ሐሙስ ደርሶሽ እስከ ማክሰኞ አምስት ቀን ይኖርሻል። ማስላቱ እንደማያልቅልሽ ይገባኛል፣ ቢያንስ ግን ስድስቱን ነጥቦችና የግድግዳውን ነገር ለመሰረዝ ይበቃል። እንድትደውዪ አልጠይቅሽም። ብትደውዪም እኔ ስለ ዝናቡ ነው የማወራሽ።

ሰኞ ግን እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። እናቴ ሁሉንም ሰምታ ብዙ ሰዓት አላናገረችኝም፣ ከዚያ "ኮምቦልቻ አክስትሽ ቤት ታድሪያለሽ" አለችኝ። ብቻዬን ከከሚሴ ወጥቼ አላውቅም። ማክሰኞ በሦስት ሰዓት አዳራሹ በር ላይ እሆናለሁ። አንቺ አስቀድመሽ ለአማካሪሽ ከነገርሻቸው፣ ከጎንሽ ቆሜ ጥያቄ ካላቸው እመልሳለሁ። ካልነገርሻቸው፣ ወይም ይህን ደብዳቤ ቀድደሽ ከጣልሽው፣ እጄን አንሥቼ እኔ እነግራቸዋለሁ። ከኋላሽ ሄጄ እንዳላደርገው ነው አሁን የምነግርሽ። ከአንቺ ተደብቄ አንድ ጊዜ ሠርቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሠራም።

የምለውን አዘጋጅቻለሁ። "ስሜ ሙሚና አደም ይባላል። ነጥቦቹን የለካሁት እኔ ነኝ። ስድስቱን አልለካሁም ነበር፣ አሁን ለክቻቸዋለሁ።" ይሄው ነው። ዛሬ ጠዋት እናቴን አስቀምጬ ጮክ ብዬ አልኩት። በመጀመሪያው መሐሉ ላይ ድምፄ ጠፋ። እናቴ "ድገሚው" አለች። በአራተኛው ላይ ከጎረቤት ሰዓዲያ "ሰማንሽ! ይበቃል፣ ሕፃኗን አስነሣሻት!" ብላ ጮኸችብኝ።

እስከ ማክሰኞ፣ በአላህ ጥበቃ ሥር ሁኚልኝ።

ሙሚና አደም
ከሚሴ፣ ረቡዕ